ሚድዋይፈሪ ተማሪዎችን አልትራሳውንድ ስናስተምር ከየት እንጀምር?

መምህርት ሚድዋይፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚድዋይፈሪ አስተምራለሁ። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የእርግዝና ክትትል ኮርሳችን ውስጥ የአልትራሳውንድ መሠረታዊ ትምህርት ይገባል ተብሏል። ደስ ብሎኛል። ችግሩ የተሰጠኝ ሰዓት ጥቂት ነው፤ ማሽኑ አንድ ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው።

እስካሁን ያየኋቸው የማስተማሪያ ጽሑፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከድምፅ ሞገድ ፊዚክስ ይጀምርና ተማሪው ፕሮብ (ሆድ ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን መያዣ) ሳይነካ ሴሚስተሩ ያልቃል። ሌላው "ይኸው ጭንቅላቱ፣ ይኸው ልቡ" እያለ የተዘጋጀ ምስል ያሳያል። ተማሪዋ ያንን ምስል ራሷ አምጪ ስትባል ግን እጇ አያውቀውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። ያንን አንድ ጊዜ ማን ያያታል? በብዙ ቦታ መልሱ "አዋላጇ" ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንዲት አዋላጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በአልትራሳውንድ ምን ምን መሥራት መቻል አለባት? ምኑንስ ለሌላ መተው አለባት?

ጥቁርና ነጭ

መምህርት፣ እኔ ሶኖግራፈር፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ፤ አዋላጆችንም አሠለጥናለሁ። የማስተምረው ስድስት ጥያቄ ብቻ ነው። ተማሪዋ ፕሮቡን ከሆዱ ላይ ከማንሳቷ በፊት ስድስቱንም መመለስ አለባት።

ልቡ ይመታል? ስንት ናቸው? ጽንሱ በጭንቅላቱ ነው ወይስ በመቀመጫው የመጣው? የእንግዴ ልጁ የት ነው የተቀመጠው? የእንሽርት ውሃው በቂ ነው? እርግዝናው ስንት ሳምንት ሆኖታል?

አይሱዎግ የሚባለው ዓለም አቀፍ የማህፀንና ጽንስ አልትራሳውንድ ማኅበር ለጀማሪዎች የሚያስተምረው ባለ ስድስት እርምጃ ዘዴም ይኸው ነው። ስለዚህ ከባዶ መጀመር አያስፈልግዎትም።

የልብ ክፍሎችን አንድ በአንድ መመርመር፣ አንጎልን መተንተን፣ የእትብት ዶፕለር (የደም ፍሰት ልኬት)፣ እነዚህ የሌላ ሰው ሥራ ናቸው። አዋላጇ አንድ ነገር ዓይኗን ከሳበው "ሌላ ባለሙያ ይየው" ብላ ጽፋ ትልካለች። የበሽታ ስም ማውጣት አይጠበቅባትም። እንደውም ስም እንዳታወጣ ነው የማስተምራት። "የልብ ችግር አለበት" ተብላ የተላከች እናት መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ነው የምትደርሰው። "በደረቱ በኩል በደንብ ያላየሁት ነገር አለ" የተባለችው ትጨነቃለች፤ ግን ልቧ አልተሰበረም።

ጾታ ከስድስቱ ውስጥ እንደሌለ ይታወቅልኝ። ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን እሱን ነው።

ሦስተኛ ዓመት

ይቅርታ፣ ተማሪ ነኝ፤ ጣልቃ ልግባ። እኛን የሚያምታታን ስድስቱ ጥያቄ አይደለም። ስክሪኑ ነው። ፕሮቡን ወደ ቀኝ ስገፋው ምስሉ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ጭንቅላቱን "በቃ አገኘሁት" ስል እጄ ትንሽ ፈቀቅ ትልና ይጠፋል። ከዚያ አሠልጣኙ ፕሮቡን ይቀበለኛል፤ ወዲያው ያመጣዋል፤ "አየሽ?" ይለኛል። አዎ እላለሁ። እጁ ምን እንዳደረገ ግን አላየሁም፤ ስክሪኑ ላይ ነበራ ያፈጠጥኩት።

ጥቁርና ነጭ

እህቴ፣ ዋናውን ነገር ተናገርሽ። አብዛኛው አሠልጣኝ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። እኔ ሳሠለጥን እጄን ኋላዬ ነው የማደርገው። ፕሮቡን አልቀበልም፤ በቃል ብቻ እመራለሁ። በቃል ለመምራት ደግሞ ሁላችንም የምንግባባባቸው የእንቅስቃሴ ስሞች ያስፈልጋሉ። አምስት ናቸው፦ ማንሸራተት፣ ማዘንበል፣ ማወዛወዝ፣ ማዞር፣ መጫን። "ትንሽ ወደዚህ... አይ፣ ወደዚያ" ማሠልጠኛ ቋንቋ አይደለም።

ጀማሪ ምስሉ የሚጠፋበት ሁለትና ሦስት እንቅስቃሴ በአንድ ላይ ስለሚያደርግ ነው። ያንሸራትታል፣ እግረ መንገዱን ያዞራል፣ ሳያውቀው ይጫናል። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ እንቅስቃሴ። ከጠፋብሽ የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ወደ ኋላ መልሺው፤ ምስሉ ካለበት አይሄድም።

አቅጣጫውን በተመለከተ ፕሮቡ ጎን ላይ ምልክት አለ። ሆዱን በአግድም ስታዪ ምልክቱ ወደ እናትየዋ ቀኝ ይሁን፤ በቁመት ስታዪ ወደ ጭንቅላቷ። ያኔ የስክሪኑ ግራ በአግድም የእናትየዋ ቀኝ፣ በቁመት ደግሞ የላይኛው ሰውነቷ ነው። ጄል ከመቀባትሽ በፊት የፕሮቡን ጫፍ በጣትሽ ነካ አድርጊው። በየትኛው በኩል ስክሪኑ ላይ እንደሚንቀሳቀስ ታያለሽ። ይህን ሳታረጋግጪ "ጽንሱ ተጋድሟል" እንዳትዪ።

ስለ ፊዚክሱ ደግሞ ለመምህርት፦ ለጅማሬ የሚበቃው ትንሽ ነው። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ማሽኑ ርቀትን የሚለካው ይህን ይዞ ነው። ፍሪኩዌንሲ ከፍ ሲል ምስሉ ይጠራል፤ ጥልቀት ግን አይደርስም። በሆድ በኩል ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ የምንጠቀመው ለዚህ ነው። አጥንት ከኋላው ጥላ ይጥላል፤ ፈሳሽ ጥቁር ነው፤ አየር ሁሉንም ያበላሻል፤ ጄል የምንቀባው አየሩን ለማስወጣት ነው። የቀረውን ፕሮቡን ይዘው ይማሩታል።

የማታ ተረኛ

ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው። አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮቡ ከእጅ በፊት እንዳይመጣ።

ተማሪዋ መጀመሪያ ሆዱን በእጇ ትዳስስ። ጭንቅላቱ የት እንዳለ፣ ጀርባው በየት በኩል እንደሆነ፣ በግምቷ ስንት ሳምንት እንደሚሆን ወረቀት ላይ ትጻፍ። ከጻፈች በኋላ ነው አልትራሳውንድ የሚበራው። ቀድሞ ከበራ ሁሉም "እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ" ነው የሚለው። እንዲህ ከተሠራ ማሽኑ እጇን ያሠለጥንላታል። ማሽኑ ደግሞ ሁልጊዜ አይኖርም። ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሌላ ክፍል ይወሰዳል። እጇ ግን አብሯት ነው።

ሁለተኛው፣ ስለ ደም መፍሰስ። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ደም እየፈሰሳት የመጣች እናት የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳይታወቅ በጣት የማህፀን በር አይመረመርም። ይህን ሁሉም ተማሪ በቃሉ ያውቀዋል። አልትራሳውንድ መያዝ የቻለች አዋላጅ ግን መልሱን እዚያው ታገኘዋለች። ለእኔ ከስድስቱ ጥያቄ ሁሉ ነፍስ የሚያድነው ይሄኛው ነው።

ልዩ ባለሙያ

በዚህ አልስማማም። አልትራሳውንድ የራዲዮሎጂ ሥራ ነው። ለዓመታት የሚማሩት ሰዎች አሉ። በጥቂት ሰዓት ሥልጠና ፕሮብ ማስያዝ የውሸት መተማመን ነው የሚፈጥረው።

የማታ ተረኛ

የውሸት መተማመን ላይ እስማማለሁ፤ ስለዚያ ነው እያወራን ያለነው። "የማን ሥራ ነው" የሚለው ላይ ግን አይደለም። በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውንና ጽንስን በአልትራሳውንድ ማየት ያስጀመረውን ጽሑፍ የጻፈው ኢያን ዶናልድ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበር። አብረውት የሠሩት ሌላ ሐኪምና ቶም ብራውን የሚባል መሐንዲስ ናቸው። መሣሪያው ገና ከጅምሩ የወላድ ክፍል ነው። የጽንስ ልብ ማዳመጫው ፊቶስኮፕም እኮ አዋላጅ ጆሮ ላይ ነው ያለው፤ የልብ ስፔሻሊስት ይያዘው ያለ የለም።

ተጠራጣሪው ሐኪም

ክርክሩ የማን ሥራ ነው ላይ መሆን የለበትም። ጥቅሙ የቱ ጋ ነው ብለን እንጠይቅ።

ሁለት ጥናት ላንሳ። በ1993 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ራዲየስ የተባለው ጥናት ከ15 ሺህ በላይ ዝቅተኛ ስጋት ያላቸው ነፍሰ ጡሮችን አየ። አልትራሳውንድ በመደበኛነት ማየት የሕፃናቱን ጤና ውጤት አላሻሻለም። ሁለተኛው በ2018 የታተመው ፈርስት ሉክ ነው። በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በጓቲማላ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ የገጠር ጤና ሠራተኞችን አልትራሳውንድ አሠልጥኖ አሰማራ። የክትትል ብዛት አልጨመረም፤ የእናቶችና የሕፃናት ሞትም አልቀነሰም።

ይህን የማነሳው ትምህርቱ ይቅር ለማለት አይደለም። ምስል ማየት ብቻውን ሰው አያድንም ለማለት ነው። መንታ መሆናቸው ታወቀ፣ ከዚያስ? የእንግዴ ልጁ በሩን ሸፍኗል፣ ከዚያስ? ከእያንዳንዱ መልስ ጀርባ "እና ምን አደርጋለሁ" የሚለው አብሮ ካልተማረ፣ ተማሪዋ የምትይዘው ውድ ካሜራ ነው።

መምህርት ሚድዋይፍ

ዶክተር፣ አመሰግናለሁ፤ ይህ ነጥብ በደንብ ገብቶኛል። መመሪያውም ራሱ ሞት ይቀንሳል ብሎ አይደለም የመከረው። የእርግዝናውን ዕድሜ ለመገመት፣ የጽንስ ችግርንና መንታን ቀድሞ ለማወቅ፣ "ቀኗ አልፏል" ተብሎ ያለ ምክንያት ምጥ ማስጀመርን ለመቀነስ፣ የእናትየዋንም የእርግዝና ጊዜ የተሻለ ለማድረግ ነው የሚለው።

እርስዎ ቢሆኑ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ቢባሉ ምን ያስተምራሉ?

ተጠራጣሪው ሐኪም

ዕድሜ መቁጠር። ያለ ጥርጥር።

የቀረው ውሳኔ ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው። ያለ ጊዜው ነው የመጣው? ቀኑ አልፏል? እድገቱ ዘግይቷል? የሳምንቱ ቁጥር ከተሳሳተ እነዚህ ሦስቱም አብረው ይሳሳታሉ።

ተማሪዎች ማወቅ ያለባቸው መጀመሪያ ይህን ነው፤ አልትራሳውንድ ዕድሜ የሚቆጥረው በመጠን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሶች ሁሉ በተቀራረበ ፍጥነት ያድጋሉ፤ ስለዚህ መጠን ዕድሜን በደንብ ይናገራል። እያደር ግን አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ይሆናል። በመጨረሻዎቹ ወራት "30 ሳምንት" የሚል ስካን የ32 ሳምንት ቀጭን ልጅም ሊሆን ይችላል። ከ14 ሳምንት በፊት የሚለካው ከአናት እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት፣ ሲአርኤል የምንለው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ሲአርኤል ከ84 ሚሊሜትር ካለፈ ግን ተዉት፤ ወደ ጭንቅላት ልኬት ይኬዳል።

ሁለተኛው፣ መቼ ቀን እንደሚቀየር ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ሕግ ግልጽ ነው። በመጨረሻ የወር አበባ የተቆጠረውና ስካኑ የሚለያዩት እስከ 8 ሳምንት ከ6 ቀን ድረስ ከ5 ቀን በላይ ከሆነ ይቀየራል። ከ9 ሳምንት እስከ 15 ሳምንት ከ6 ቀን ድረስ፣ ከ7 ቀን በላይ። ከ16 እስከ 21 ሳምንት ከ6 ቀን ድረስ፣ ከ10 ቀን በላይ። ከ22 እስከ 27 ሳምንት ከ6 ቀን ድረስ፣ ከ14 ቀን በላይ። ከ28 በኋላ ከ21 ቀን በላይ።

ሠንጠረዡን ማስሸምደድ ዋጋ የለውም። ታሪክ ስጧቸው። በወር አበባዋ 10 ሳምንት የሆናት እናት ስካኗ 10 ሳምንት ከ3 ቀን አለ። አይነካም። ሌላዋም 10 ሳምንት ናት፤ ስካኗ 11 ሳምንት ከ2 ቀን አለ። ልዩነቱ 9 ቀን ስለሆነ ይቀየራል። ሦስተኛዋ 32 ሳምንቷ ነው፤ የመጀመሪያ ስካኗ ነው፤ 29 ሳምንት ከ5 ቀን አለ። ልዩነቱ 16 ቀን ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ ቀኑን ይቀይራል። አይቀየርም! ይልቁንም "ልጁ በሚገባው ልክ እያደገ ነው ወይ?" ብላ ትልካለች። ቀኑን ብትቀይረው ኖሮ እድገቱ የዘገየው ልጅ በወረቀት ላይ ጤነኛ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ቀኑ አንዴ በመጀመሪያ ስካን ከተወሰነ በኋላ በየስካኑ አይቀየርም። ካርድ ላይ ሦስት የተለያየ የመውለጃ ቀን ተጽፎ ሳይ ነው ደሜ የሚፈላው።

ሦስተኛ ዓመት

የ32 ሳምንቷን እኔም ቀይሬያት ነበር እያነበብኩ 😅

ጥቁርና ነጭ

ዶክተር ባሉት ላይ፣ ቁጥሩ ልክ የሚሆነው ምስሉ ልክ ከሆነ ነው። ማሽኑ የተሳሳተ ምስል ላይም ሳምንት ይሰጣል፤ አያፍርም።

ጭንቅላት ሲለካ የአንጎሉ የመሃል መስመር፣ ታላመስ የሚባሉት ሁለት የአንጎል ክፍሎችና ከፊት ያለው ካቩም የሚባለው ፈሳሽ ያለበት ክፍተት መታየት አለባቸው። ሰረቤለም፣ ማለትም ትንሹ የኋላ አንጎል፣ ከታየ ፕሮቡ አዘንብሏል። ጭን አጥንት ሲለካ ሁለቱም ጫፍ ይታይ፤ የሚለካው አጥንቱ እንጂ ጫፉ ላይ ያለችው ቀጭን ብልጭታ አይደለችም።

አስቸጋሪው የጽንሱ ሆድ ነው። ክብ መሆን አለበት፤ ሞላላ ከሆነ ሰያፍ ነው የተቆረጠው። ጨጓራው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የእትብት ደም ሥሩ አጭር ቁራጭ ሆኖ ጉበት ውስጥ ይገባል። ኩላሊቶች ከታዩ ወደ ታች ወርደሻል፤ ልብ ከታየ ወደ ላይ ወጥተሻል። ተማሪዋ እጇን አክብዳ ፕሮቡን ስትጫን ደግሞ ሆዱ ይጠፈጠፋል፤ ልኬቱም ይበላሻል።

ለእንሽርት ውሃው ማህፀኑን አራት ቦታ ከፍለው እየለኩ መደመር ይቅርባቸው። ከሁሉም ጥልቅ የሆነውን አንድ ኪስ ፈልገው ከላይ ወደ ታች ይለኩ። እትብትና እጅ እግር የሌለበት መሆን አለበት። ከ2 ሴንቲሜትር በታች ትንሽ፣ ከ8 በላይ ብዙ ነው። አራት ቦታ ለክቶ የመደመሩ ዘዴ "ውሃዋ አንሷል" የሚባሉትንና ምጥ የሚጀመርላቸውን ያበዛል፤ ለሕፃኑ ግን የተሻለ ነገር አላመጣም።

የእንግዴ ልጅ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የሽንት ፊኛ በጣም ሲሞላ የማህፀንን የታችኛውን ክፍል ይጫነዋል፤ በሩን ያልሸፈነ የእንግዴ ልጅ የሸፈነ ይመስላል። ሽንቷን ሸንታ ትምጣና እንደገና ይታይ። ከበሩ ውስጠኛ አፍ 2 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከራቀ ችግር የለውም። በ20 ሳምንት ዝቅ ብሎ የታየው አብዛኛው ማህፀኑ ሲያድግ ይርቃል። ስለዚህ "በ32 ሳምንት ድጋሚ ይታይ" ተብሎ ይጻፋል እንጂ ቀዶ ጥገና አይታወጅም።

ሽቦና ፊውዝ

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነኝ። ስለ ጽንስ አላውቅም፤ ስለ ፕሮብ ግን ልናገር፤ ማሽናችሁ አንድ ነው ስላላችሁ።

ፕሮብ ውስጡ ቀጫጭን ክሪስታሎች ናቸው። አንዴ ከወደቀ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል፤ አይጠገንም ማለት ይቻላል። የማሽኑ ጎማ ገመዱ ላይ እየሄደ ስንቱ ፕሮብ እንደሞተ እኔ ነኝ የማውቀው። ጄሉ ከእያንዳንዷ እናት በኋላ ይጠረግ፤ ደርቆ አይደር። ማጽጃው አምራቹ የፈቀደው ይሁን። አንዳንዱ አልኮል የፕሮቡን ፊት ይሰነጥቀዋል። ምስል ማየት ሲቆም ፍሪዝ፣ ማለትም ምስሉን ማቆሚያው ቁልፍ፣ ይጫን። ፕሮቡም አይግልም፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ጥቁርና ነጭ

የፍሪዙን ነገር ስላነሳኸው፣ ደህንነቱ ላይም ያው ነው። ከስክሪኑ ጥግ ቲአይ እና ኤምአይ የሚሉ ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ሙቀትን ይመለከታል፤ ሁለተኛው ሞገዱ በአካል ላይ የሚያሳድረውን ጫና። ተማሪ ቢያንስ የት እንደተጻፉ ይወቅ። መልስ ለማግኘት የሚበቃውን ያህል ዝቅተኛ ኃይል፣ የሚበቃውን ያህል አጭር ጊዜ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ የልብ ምት በዶፕለር ድምፅ አይደመጥም። ድምፁ ያምራል፤ እናትም ትጠይቃለች፤ ግን ኃይሉን አንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል። ኤም-ሞድ የሚባል፣ የልቡን እንቅስቃሴ በመስመር የሚያሳይ አማራጭ አለ፤ መስመሩን ልቡ ላይ ጣል አድርጎ መለካት ይበቃል።

ሦስተኛ ዓመት

አንድ ጥያቄ ላንሳ? አሁን እኮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ሳምንቱን ይናገራል እየተባለ ነው። ሆዱ ላይ ፕሮቡን በተወሰነ መስመር ወደ ላይና ወደ ጎን መጎተት ብቻ ነው፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል። ይሄን ሁሉ መማራችን ነገ ከንቱ አይሆንም?

ተጠራጣሪው ሐኪም

ያልሽው እውነት ነው፤ በ2022 የታተመ ጥናት በእንዲህ ዓይነት ጭፍን መጎተት ዕድሜን የሠለጠነ ሶኖግራፈር በሚለካው ልክ መገመት እንደሚቻል አሳይቷል። ግን ሳምንቱን ነገረሽ እንበል። ካርዷ ላይ ያለውን ቀን ትቀይሪዋለሽ ወይስ አትቀይሪውም? የ32 ሳምንቷን እናት ተመለሺባት።

መምህርት ሚድዋይፍ

ብዙ ነገር አገኘሁ። አሁን የምፈራው ልምምዱን ነው። ነፍሰ ጡርን የተማሪ መለማመጃ ማድረግ ይከብደኛል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ጥቁርና ነጭ

ማሽኑን ለመልመድ ነፍሰ ጡር አያስፈልግም። ጌን (የምስሉን ድምቀት) መጨመርና መቀነስ፣ ጥልቀት ማስተካከል፣ ፍሪዝ፣ መለኪያ ማስቀመጥ፣ ይህን ሁሉ እርስ በርስ ሆዳቸውን እያዩ ይልመዱት። ኩላሊትና የሞላ የሽንት ፊኛ ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ለእጅና ለዓይን ቅንጅት ሲሙሌተር (የመለማመጃ ማሽን) ካለ ግሩም ነው። ከሌለ ጄላቲን ውስጥ የተቀበሩ ነገሮችን ፈልጎ ማግኘትም ይሠራል፤ ሲረጋ አየር እንዳይቀርበት ብቻ።

ነፍሰ ጡሯ ጋ ሲደረስ ግን ለራሷ ምርመራ የመጣች ትሁን። ፈቃዷ ይጠየቅ፤ እምቢ ብትል ፊት አይጥቆርባት። መጀመሪያ ባለሙያው ይጨርስ፤ ከዚያ አንድ ተማሪ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ ትግባ። "ዛሬ የእንግዴ ልጁን ብቻ ፈልጊ።" ስድስቱን በአንድ ቀን በአንዲት እናት ሆድ ላይ መሞከር ለሁለቱም ቅጣት ነው።

የማታ ተረኛ

በኋላኛው ወራት ላይ ያለችውን በጀርባዋ ብዙ አታስተኟት። ማህፀኑ ትልቁን ደም ሥር ይጫናል፤ ላብ ላብ ይላታል፤ ማዞርም ይመጣል። ቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ አድርጉ፤ ወደ ግራ ዘንበል ትበል።

ስለ ዝምታውም ላንሳ። ተማሪ ስትፈልግ ዝም ትላለች፤ ግንባሯን ትቋጥራለች። እናትየዋ የምታየው ስክሪኑን አይደለም፤ የተማሪዋን ፊት ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት "ጀማሪ ናት፣ ጊዜ ትወስዳለች፣ ዝም ካለች እየፈለገች ነው" ይባልላት።

ልቡ ያልታያት ተማሪ ደግሞ "የልብ ምት የለም" የሚል ቃል ከአፏ አይውጣ። ያየችው አለማየቷን ነው። እርግዝናው ገና ስለሆነ ይሆናል፤ በሆድ በኩል ስለታየ ይሆናል። በብልት በኩል በሚደረግ ምርመራ እንኳ ሲአርኤል 7 ሚሊሜትር ካልሞላ ልብ አለመታየቱ ብቻውን ለመወሰን አይበቃም። ሌላ ሰው ይጠራ፤ ሁለተኛ ዓይን ይየው። እናትየዋ "ምን ሆነ?" ካለች፣ "እኔ በደንብ አልታየኝም፤ ባልደረባዬን ልጥራ" ይባላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ስድስቱ ጥያቄዎች ማስለመድ ነው። አንዷ ተማሪ እናት ሆና ትተኛ፣ ሌላዋ ትናገር።

መምህርት ሚድዋይፍ

ሲስተር፣ ይሄንን በተግባር ፈተናው ውስጥ አስገባዋለሁ። ምስሉን አምጥታ ለእናትየዋ መንገር ያቃታት አታልፍም።

ሎግቡክ (የልምምድ መዝገብ) ላይ ቁጥር መሙላትን እንዴት ታዩታላችሁ? "ይህን ያህል ስካን ያየች ታልፋለች" የሚለው አላረካኝም።

ጥቁርና ነጭ

እኔንም አያረካኝም። ሎግቡክ ያየችውን እንጂ የቻለችውን አይናገርም። አንድ ዘዴ ልስጥዎት። የስክሪኑ ቁጥር በወረቀት ይሸፈን። አንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ፕሮቡን እያነሳች፣ ከአዲስ ትለካው። ሦስቱ ከተቀራረቡና ከእርስዎ ልኬት ጋር ከተገናኙ እጇ ጸንቷል። ቁጥሩን እያየች ከለካች ግን ሦስቱም መገናኘታቸው አይቀርም፤ የምትጠብቀው ቁጥር ላይ ስትደርስ ነው የምታቆመው።

ምስሎቹን ደግሞ የሠራቻቸው ሰው ስም እንዳይታይ አድርገው ያስቀምጡ። በሌላ ቀን ክፍል ውስጥ ያውጧቸውና ተማሪዎቹ ራሳቸው "ይሄ ይለካል፣ ይሄ አይለካም" እያሉ ይዳኙ። የራሳቸውን ምስል ሳያውቁ ሲጥሉት ማየት ደስ ይላል።

ሦስተኛ ዓመት

የመጨረሻ ጥያቄ ከግራኝ ተማሪ። ሁሉም ቀኝ እጅ ይላሉ። ግድ ነው?

ጥቁርና ነጭ

ማሽኑ ከእናትየዋ ቀኝ ስለሚቆምና ግራ እጅ ቁልፎቹ ላይ ስለሚውል ነው ቀኝ የተለመደው። ክፍሉ ከፈቀደ ማሽኑን አዙረሽ በግራሽ መያዝ ትችያለሽ። ግን ሌላ ቦታ ስትመደቢ ማሽኑ ላይዞርልሽ ይችላል፤ ቀኝሽንም አለማምጂው። በየትኛውም ብትይዢ ፕሮቡን ከታች፣ ከጫፉ አጠገብ ያዢ። ትንሿ ጣትሽና የመዳፍሽ ጠርዝ ሆዱ ላይ ይረፉ። ያኔ ምስሉ ሳያመልጥሽ በሌላው እጅሽ ፍሪዝ ለመጫን ጊዜ ታገኛለሽ።